«እንጠራችኋለን» ካሉን ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጠብቅ ወይስ አገር ቤት ልግባ?

መርፌና ክር
ግንቦት 9 ቀን 2012

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ሰው የጻፈውን ሳነብ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

እዚህ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ነሐሴ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላኛል። ስንመጣ ጣታችንን ፈትነው ነው ያስገቡን። ትንንሽ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ እየሰካን ሰዓት ይይዙብን ነበር። እኔ ጥሩ ስላመጣሁ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) ላይ ተቀመጥኩ። በ750 ብር ጀምሬ አሁን ከምግብና ከአቴንዳንስ ጋር 1,500 ይጠጋልኛል።

መጋቢት 4 ኮሮና አገራችን ገባ ሲባል ሥራ አልቆመም። በር ላይ ሙቀት ይለኩናል፣ እጅ እንታጠባለን፣ ሰርቪስ ላይ ተራርቀን እንቀመጣለን። ከዚያ ጨርቅ እያነሰ መጣ። በየሰዓቱ «ታርጌት! ታርጌት!» ሲሉን የነበሩ ሱፐርቫይዘሮች ዝም አሉ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ዝምታ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ ተባልን። የፈቃዱ ተከፈለን። ፈቃዱ አልቆ ስንመለስ የላይናችንን (የስፌት መስመራችንን) ልጆች በር ላይ አቁመው «ኦርደር የለም፣ ሲመጣ እንጠራችኋለን» አሉን። ስልካችንን መዘገቡ። በቃ። ወረቀት የለ፣ ቀን የለ።

ቤት የተከራየነው አራት ሆነን ነው፣ 1,200 ብር። ሁለቱ ልጆች አገራቸው ገቡ። ኪራዩ አሁን ለሁለታችን ነው። እጄ ላይ 900 ብር አለኝ። ቤተሰቦቼ ሆሳዕና አካባቢ ገጠር ናቸው። በየወሩ ለወንድሜ ትምህርት 300 ብር እልክ ነበር፣ የዚህን ወር አላኩም። አባቴ ደውሎ ለምን አልላክሽም አላለኝም። «ደህና ነሽ?» ብቻ አለኝ።

ከሄድኩ ደግሞ እኛ ሰፈር ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ሲደውሉ ባያገኙኝስ? ማሽኔን ለሌላ ቢሰጡብኝስ? ተባረሻል ቢሉኝ አልቅሼ ሻንጣዬን ይዤ እሄድ ነበር። አሁን መሄድም መቀመጥም አልቻልኩም። ሌሊት ስልኬን ሦስት አራቴ እየተነሳሁ አያለሁ።

ምን ትመክሩኛላችሁ?

የታቦር ባጃጅ
ግንቦት 9 ቀን 2012

እህቴ አይዞሽ። እኔ በየቀኑ ጠዋት በፓርኩ በር ነው የማልፈው። ድሮ ሺፍት ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ሴት ነበር። እየሳቃችሁ ስትሄዱ ክላክስ ማድረግ ያሳዝነኝ ነበር። አሁን ባዶ ነው።

የኛም እንጀራ ከእናንተ ጋር የታሰረ ነው። ደመወዝ በገባ ሰሞን ወደ ገበያ፣ ወደ መናኸሪያ የምንመላለሰው እናንተን ይዘን ነበር። አሁን ሰውም የለም፣ ቢገኝም እንደ ድሮው ሞልተህ አትጭንም። የባለቤቱ ገቢ ግን ያው ነው። ትናንት የሱን አስገብቼ 30 ብር ይዤ ቤት ገባሁ።

አንድ ነገር ልበልሽ። አገር ቤት ብትገቢ ስለ ማስታወቂያው አታስቢ። በር ላይ ወረቀት ሲለጠፍ አይቼ እዚሁ እጽፍልሻለሁ። እኔ ለማለፉ ማለፌ አይቀርም።

ሐይቅ ዳር
ግንቦት 10 ቀን 2012

እኔ ሐይቅ ዳር ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። «ነበርኩ» ልበል እንጂ እኛንም እንጠራችኋለን ነው ያሉን።

ሀዋሳ በምን እንደምትኖር የሚያውቅ ያውቃል። ሰኞ ስልጠና፣ ረቡዕ ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ ሙሽራና ከአዲስ አበባ የመጣ መዝናኛ ፈላጊ። በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አራት ሰው ሆኖ ስብሰባ የለም፣ ሰርግ የለም። አዳራሹ በአንድ ቀን ጨለመ። ደመወዜ ትንሽ ናት፣ የምኖረው በቲፕ ነበር። ቲፕ ደግሞ ማንም በወረቀት አይጽፍልህም፤ ሲቀር ቀረ ነው።

ባለፈው አሞራ ገደል ሄጄ ነበር። ዓሣ የሚያወጡት ያወጣሉ፣ የሚበላው ሰው ነው የቀነሰው። ዓሣ እየገፈፉ ሳንቲም የሚያገኙት ልጆች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ እንኳ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ልቤ ተሰበረ።

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልሄድም። ከከተማ የወጣ ሰው ቦታው ይያዛል።

አገሬ ገባሁ
ግንቦት 10 ቀን 2012

ሐይቅ ዳር፣ ወንድሜ፣ አንተ የከተማው ልጅ ነህ፣ ቤተሰብህ እዚያው ነው። የሷ ሌላ ነው።

እኔ ከሌላ ሼድ (የፋብሪካ ሕንፃ) ነኝ፣ ወላይታ ከገባሁ ሃያ ቀን ሆነኝ። ለመኪና ድሮ የምከፍለውን እጥፍ ከፈልኩ፣ ምክንያቱም የሚጭኑት ግማሽ ሰው ነው። ቢሆንም ስደርስ ሆዴ ጠገበ። እዚህ ቆጮ አለ፣ ጎመን አለ፣ ኪራይ የሚጠይቅ የለም። ሀዋሳ በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ቀን ዳቦ በሻይ ብቻ ነው የበላሁት፣ ያውም ለአብሮ አዳሪዬ በልቻለሁ ብዬ እየዋሸሁ።

ግን ደግሞ አልዋሽሽም። ሰው «ተባረረች» ይላል። ጎረቤት በሽታ ይዛ መጥታለች ብሎ ለሁለት ሳምንት አልቀረበኝም። እናቴ እንኳ መጀመሪያ ቀን ልታቅፈኝ መጥታ ቆም አለች። እኔም ራሴ አልተጠጋኋትም፣ ፈራሁላት። ያን ቀን ያለቀስኩት ሥራዬን ባጣሁ ቀን ካለቀስኩት ይበልጣል።

ብትሄጂ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ለብቻሽ እደሪ። ለነሱም ለአንቺም ይሻላል።

ትራንዚተር ነኝ
ግንቦት 11 ቀን 2012

ለምን ኦርደር እንደጠፋ ልንገራችሁ። ሁለት ጊዜ ነው የተመታነው። መጀመሪያ የቻይና ፋብሪካዎች ሲዘጉ ጨርቅና ዚፕ ዘገየ። እዚህ የሚሰፋው ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ በጅቡቲ የሚገባ ነው። ቻይና ተከፍታ ጨርቁ መምጣት ሲጀምር ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ሱቆቻቸው ተዘጉ። ገዢው «አትላኩ» አለ። የተሰፋውም ካርቶን ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ የሚደውልልሽ ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደሩ) ራሱ መቼ እንደሚደውል አያውቅም። ይህን የምልሽ እነሱን ለመከላከል ሳይሆን «ስሜን ዘለሉት ይሆን» እያልሽ ሌሊት እንዳትነሺ ነው። የሚወስነው ሰው ያለው ሌላ አህጉር ነው።

መርፌና ክር
ግንቦት 11 ቀን 2012

ትራንዚተር፣ እግዜር ይስጥህ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረንም። እኛ እኮ የተቀነስነው ጥፋት ስላለብን ይመስለን ነበር። አንዷ ጓደኛዬ በጥር አንድ ቀን ስለቀረች ነው እያለች ራሷን ትወቅሳለች።

የአከራይ እናት
ግንቦት 11 ቀን 2012

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት። ሦስት ክፍል አከራያለሁ፣ ሁሉም የፓርክ ልጆች ነበሩ።

ባለቤቴ በሕይወት የለም። የምኖረው በኪራዩ ነው፣ የስኳር መድኃኒቴም ከዚያ ነው። ሰው አከራይ ሲባል ሀብታም ይመስለዋል። አዋጁ ተከራይ እንዳይወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨመር ከልክሏል፣ ደግ አድርጓል። ባይከለክልም እኔ ልጅ በር ላይ አላወጣም። ግን የኔንስ ማን ይሙላልኝ?

ለሁለቱ ክፍሎች ግማሽ ክፈሉ ብያቸዋለሁ። በሦስተኛው የነበረችው ልጅ ምንም ሳትነግረኝ ሌሊት ሄደች። ጠዋት ገብቼ ሳይ ፍራሿን፣ ብርድ ልብሷንና ድስቷን አጣጥፋ ትታልኛለች፣ ለቀረባት የወር ኪራይ መሆኑ ነው። አፍራ ነው። እንዲህ ከምታደርግ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ዕቃዋን አልሸጥኩም፣ እንደታጠፈ ነው ያለው። ይህን የምታነቢ ከሆነ ልጄ፣ መጥተሽ ውሰጂ።

አንቺም የኔ ልጅ፣ አከራይሽን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያት። ተደብቀሽ አትሂጂ።

የማኅበር ሰው
ግንቦት 12 ቀን 2012

እህቴ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ልጠብቅ ወይስ ልሂድ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር ይቅደም፤ አሁን ምን ላይ ነሽ? ሠራተኛ ነሽ፣ ታግደሻል ወይስ ተሰናብተሻል? «እንጠራችኋለን» በሕግ ከሦስቱም አይደለም።

ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ ሆኜ ስለሠራሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከአንቀጽ 17 እስከ 22 ያለውን ያዢ። ከአቅም በላይ በሆነ ነገር ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራ ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀን ከቆመ፣ አሠሪው የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። ግን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱም በቂ ምክንያት መኖሩን አይቶ ይወስናል። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም።

መራራውን ልንገርሽ። በእገዳው ጊዜ ደመወዝ የመክፈል ግዴታ ይቆማል። ግን ውሉ አልፈረሰም፣ ሠራተኛ ነሽ። አሁን ደግሞ ለአንቺ የሚጠቅምሽን ልብ በይ። እገዳው ባለቀ ማግሥት፣ በሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ ራስሽ ሄደሽ ሪፖርት ማድረግ አለብሽ። አሠሪውም ሊመልስሽ ይገደዳል። ስልክ መጠበቅ አይደለም። ቀኑን ማወቅ ነው።

ስለዚህ ሂጂና ሁለት ነገር ጠይቂ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የታገድነው? እስከ መቼ? በደብዳቤ። አሥር ሆናችሁ አትሂዱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አለ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተራ በተራ ሂዱ። እምቢ ካሉ ወደ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄዳችሁ አመልክቱ። አሁን ባለንበት ጊዜ ከወጣው ፕሮቶኮል ውጭ ሠራተኛ ማሰናበትም ተከልክሏል፣ ይህንንም ጥቀሱ።

መታወቂያሽን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ደረሰኝና የተቀጠርሽበትን ውል በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ዛሬውኑ።

የግል ትምህርት ቤት መምህር
ግንቦት 12 ቀን 2012

ይህ ለእኛም ይሠራል? ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ግማሽ ደመወዝ ነው የምንወስደው፣ የሚያዝያ ደግሞ ጭራሽ አልገባም። ወላጅ አልከፈለም ይሉናል። ወላጁም እኮ እንደናንተ ከሥራ የወጣ ነው፣ በማን ልናደድ?

የማኅበር ሰው
ግንቦት 12 ቀን 2012

መምህር፣ አዎ፣ የግል ከሆናችሁ አዋጁ ይመለከታችኋል። በስምምነት ያልተቀነሰ ደመወዝ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ግን ጊዜ አለው፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የግማሹን ስትፈርሙ «ቀሪው እንደተጠበቀ ሆኖ» ብላችሁ ጻፉበት።

መርፌና ክር
ግንቦት 17 ቀን 2012

ሄድን። ሦስት ሦስት ሆነን፣ አሥራ አንድ ልጆች።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት «ተጠርታችኋል እንዴ?» ብሎ ጥበቃው መለሳቸው። እኔ ሁለተኛው ውስጥ ነበርኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደብዳቤ ነው የምንፈልገው፣ ሥራ አይደለም» አልኩት። ይቺ ቃል ለምን እንደሠራች አላውቅም፣ ደውሎ አስገባን። ኤች አር ያለችው ልጅ እንደኛው ናት፣ እሷም የደከማት ትመስላለች። የማኅበር ሰው ያልከውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ስለነበር አነበብኩላት። «ማን ነገረሽ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። በነጋታው ተመለሱ አለችን። በነጋታው ደብዳቤው ነበር፣ ለአሥራ አንዳችንም።

እስከ ሐምሌ 20 ነው የሚለው። ሐምሌ 21 ሪፖርት አድርጉ ይላል።

ብር አላገኘሁም። ያው 900 ብሬ ወደ 640 ወርዷል። ግን ትናንት ሌሊት ተኛሁ። ስልኬን አላየሁም።

አከራዬንም አነጋገርኳት እማማ፣ እንዳሉኝ። አብራኝ የቀረችው ልጅ ለብቻዋ በ400 ትቀመጥ አለች። የኔን ዕቃ ታስቀምጥልኛለች። ሐሙስ አገሬ እሄዳለሁ። ወቅቱም የእርሻ ነው፣ አባቴን አግዛለሁ።

የታቦር ባጃጅ፣ ቃልህን አትርሳ።

የታቦር ባጃጅ
ግንቦት 24 ቀን 2012

ዛሬ ምንም አልተለጠፈም።

የታቦር ባጃጅ
ሰኔ 2 ቀን 2012

ማስታወቂያ የለም። ግን አንድ ሼድ ማስክ እየሰፋ ነው ይባላል፣ ሰርቪስ ሲገባ አይቻለሁ። ጥቂት ልጆች ናቸው።

አገሬ ገባሁ
ሰኔ 8 ቀን 2012

ባጃጅ፣ ለሷ ብለህ የምትጽፈውን እኔም ከወላይታ አያለሁ። ሌሎችም ያያሉ። ተባረክ።

የታቦር ባጃጅ
ሐምሌ 17 ቀን 2012

ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ተቋርጦ ስለነበር አልጻፍኩም። በየቀኑ ግን በር ላይ ቆም እያልኩ አየሁ። የአንቺ ፋብሪካ የለጠፈው ነገር የለም። መርፌና ክር፣ ይህን ካየሽ ወረቀቱን ይዘሽ በቀኑ ነይ። የተለጠፈ ባይኖርም ነይ።

መርፌና ክር
ሐምሌ 24 ቀን 2012

መጥቻለሁ። ኮረብታው ላይ ኔትወርክ ስላልነበረ ያንተን የሐምሌውን አላየሁትም ነበር፣ ቀኑን ቆጥሬ ነው የመጣሁት።

ከአሥራ አንዳችን ሰባት ተገኘን። አንዷ አግብታለች። ለሁለቱ ደውዬ ስልካቸው ዝግ ነው። አንዷ የመኪና አጥታ ቀረች፣ 200 ብር አጥታ! ይህን ቀድሜ ባውቅ አሰባስበን እንልክላት ነበር። እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ለማንም አልተደወለም። ደብዳቤውን ስናሳይ ግን ገባን። ማስክ ላይ መደቡን፣ የኔ ማሽን ላይ ሌላ ልጅ ነበረች። ላስቲክ መስፋት ነው፣ ለኔ አዲስ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ጣቴን ወጋሁ። ደመወዙ ያው መነሻው ነው፣ ኦቲ (የትርፍ ሰዓት ክፍያ) የለም።

ለወንድሜ 150 ብር ልኬያለሁ።

ሐይቅ ዳር
ነሐሴ 3 ቀን 2012

እኔን አልጠሩኝም። ሆቴሉ ሲከፍት ግማሹን ሰው ብቻ ነው የመለሰው። አሁን ከአንድ ዘመዴ ጋር አትክልት እየሸጥኩ ነው፣ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት። የማኅበር ሰው ያለውን ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ወረቀት ሳልጠይቅ አራት ወር ጠበቅኩ። በእገዳ ላይ ነኝ ብዬ አስብ የነበረው በነሱ መዝገብ «ሥራ የለቀቀ» ተብያለሁ። ክስ ለመክፈት እየጠየቅኩ ነው።

የማኅበር ሰው
ነሐሴ 3 ቀን 2012

ወንድሜ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ 3 ወር ነው ያለው። ከመቼ እንደሚቆጠር ራሱ ክርክር አለው። ነገ አትበል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አብረን እንሂድ።

አዲስ ኦፕሬተር
ኅዳር 18 ቀን 2014

ይህን ውይይት መልስ ስፈልግ ነው ያገኘሁት፣ አሮጌ ነው ግን መልሱልኝ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ አሜሪካ ዕቃ ከማስገባት ዕድል) ልታስወጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ሁሉም ፈርቷል። ከታህሳስ 23 ጀምሮ ነው ይላሉ። የኛ ላይን ከሰኞ ጀምሮ ቤት ነው። «ሁኔታው ሲታወቅ እንጠራችኋለን» ብለውናል። አገሬ ጋሞ ነው። ልሂድ?

መርፌና ክር
ኅዳር 18 ቀን 2014

እህቴ፣ ገና አትሂጂ። መጀመሪያ ወረቀት ጠይቂ። ታግዳችሁ ከሆነ ከመቼ እስከ መቼ የሚል፣ ማኅተም ያለው። ፋብሪካው ሊዘጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ የሠራሽበት ቀሪ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይገባሻል፣ የስንብት ክፍያም አለ፣ ጠይቂ። የጓደኞችሽን ሁሉ ስልክ ያዢ፣ የወላጆቻቸውንም ጭምር። የመኪና የሌላት ካለች አሁኑኑ እወቂ።

እኔ አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ሌላ ፋብሪካ። ነገ እሑድ ነው፣ ከፈለግሽ እንገናኝና ማመልከቻውን አብረን እንጻፍ። የድሮው ወረቀቴ አለ፣ ከሱ ላይ ትገለብጫለሽ።

የታቦር ባጃጅ
ኅዳር 18 ቀን 2014

አለሁ። የትኛው ሼድ ነው የኔ እህት? ሰኞ ጠዋት በዚያ አልፋለሁ።